ከማማው ሥር የቆመችው

ስልኩ ገና አንዴ ጮኾ ሳይጨርስ እጇ እጀታው ላይ ደረሰ።

«ሄሎ፣ ማዶ!» አላት።

«ማዶስ አንተ ነህ። እኔ እዚሁ ቤቴ ነኝ» አለችው፤ አለቃዋ ፈገግታዋን እንዳያዩባት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

«እሺ፣ እዚሁ ያለሽው፣ እንዴት አደርሽ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው ወሬ የሚጀምሩት። እሷ በግድቡ መቆጣጠሪያ ክፍል ተረኛ ኦፕሬተር ናት፤ ከግድቡ የሚወጣውን ኃይል የምታበራውም የምታጠፋውም እሷ ናት። እሱ ደግሞ ኃይሉ በሚደርስበት ከተማ የመስመር ሠራተኛ ነው፤ የብረት ማማ ላይ እየወጣ የተበጠሰ ሽቦ ይቀጥላል፣ ሽቦውን ከማማው ብረት የሚለየው የሸክላ ስኒ ሲሰበር ይቀይራል። በሁለቱ መካከል ያለው ሸለቆ ግን የማን እንደሆነ እስከዛሬ አልለየለትም። የእሷ ወገኖች «ራሳችንን የቻልን አገር ነን» ብለው ተነሱ፤ የእሱ ወገኖች «አገራችን አትቆረስም» አሉ፤ ብዙ ሰው አለቀ። ከዚያ ተኩስ ቆመ ተባለ። ቆመ እንጂ አበቃ ያለ ሰው አልነበረም። ሸለቆው ባዶውን ቀረ። ቤቶቹ ጣሪያቸው ወድቆ፣ ማሳውን አረም ውጦት፣ የኤሌክትሪክ ማማዎቹ ብቻ በመሀሉ ተሰልፈው ያልፋሉ። ግድቡ በዚህ በኩል ነው፤ የማሽኑ ዘይትና መለዋወጫ የሚመጣው ደግሞ ከዚያ በኩል። ተጣልተውም ቢሆን መብራት ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ሲቆረጥ ይህች አንዲት የሥራ ስልክ ሳትቆረጥ ቀረች።

በአካል የተያዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አምና የውጭ ታዛቢዎች ባሉበት መስመሩን ለመፈተሽ ከሁለቱም ወገን ሰው ወጥቶ ነበር። እሱ ከማማው ወርዶ የራስ ቁሩን አወለቀና ላብ ያጣበቀው ፀጉሩን ጠረግ አድርጎ አያት።

«ድምፅሽን አውቀዋለሁ» አላት።

«ገና መች ተናገርኩና?»

«ልትናገሪ ስትይ አወቅኩሽ።»

ይህችን ንግግር ስንት ጊዜ ለብቻዋ እንደደጋገመቻት እሷ ብቻ ናት የምታውቀው።

«ስሚ» አላት አሁን፤ ድምፁ ውስጥ ደስታው ሊያመልጠው ይታገላል። «ጥይት የሰባበራቸውን ስኒዎች እንድንቀይር ተፈቀደልን። ነገ ጠዋት። የታዛቢዎቹ መኪና ያደርሰናል፤ አንቺ ታጠፊልናለሽ፣ እኔ እወጣለሁ። ስንጨርስ ለርክክብ ካንቺ ወገን አንድ ሰው ይምጣ ብለዋል። ያ አንድ ሰው ሌላ ሰው ከሆነ ተጣላን።»

«አንተ ራስህ ነህ የምትመጣው?»

«ሌላ ሰው እልካለሁ ቢል አለቃዬን ማማው ላይ ነበር የማንጠለጥለው።»

በመስመሩ ውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁልጊዜ ይሰማል። የሆነ ቦታ የሆነ ሰው ያዳምጣቸዋል፤ የየትኛው ወገን ሰው እንደሆነ አያውቁም።

«ለሚያዳምጠን ወንድማችንም እንደምን አደርክ በይልኝ» አለ። ከዚያ ቀልዱን ትቶ «እናንተ ጋ ሱቅ ይከፈታል?» ሲል ጠየቃት።

«ግማሹ ተዘግቷል። ሰዉ ልጆቹን ዘመድ ጋ እየላከ ነው።»

«እኛም ጋ። ታዛቢዎቹም ሻንጣ እየሸከፉ ነው፤ ከነገ ወዲያ የሉም አሉ።»

ስልኩን ዘግታ ቆየች። ነገ ልታየው ነው። ደስታዋ ግን እንደሌላው ጊዜ ደረቷ ውስጥ ተደላድሎ አልቀመጥ አላት፤ የሰው ዕቃ ይዛ የምትሮጥ ያህል ተሰማት።

*

ከሥራ ስትመለስ ወንድሟን ማዕድ ቤት አገኘችው፤ ዳቦ በሾርባ እያራሰ ይጎርሳል። ከቤት ከጠፋ ወር አልፎታል። የሸለቆው ታጣቂዎች ማን ብለው እንደሚጠሩት አታውቅም፤ እዚህ ቤት ግን አሁንም ማሙሽ ነው። አባታቸው በጦርነቱ ሲገደል ማሙሽ የወተት ጥርሱን ገና እየነቀለ ነበር። እናታቸው አልጋ ላይ በዋለችበት ጊዜ ያበላችው፣ ያጠበችው፣ ትምህርት ቤት ያደረሰችው እሷ ናት።

«እታለም» አላት ሳህኑን እያየ፤ «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምታጠፉት?»

ካፖርቷን እየሰቀለች ነበር፤ እጇ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«እንደምናጠፋ ማን ነገረህ?»

«አገር ያወቀው ነገር ነው።»

«አገር አያውቀውም። የምናውቀው እኔና አለቃዬ ነን። እና ስልክ የሚያዳምጥ ሰው።»

ሌላ ዳቦ ቆረሰ። ያን ጊዜ ጥፍሮቹን አየች። በእጁ አፈር ሲዝቅ የዋለ ሰው ጥፍር ነበር።

«ማሙሽ፣ ምንድን ነው የቆፈራችሁት?»

እሷን መዋሸት ከልጅነቱም አይሆንለትም። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ፈንጂ ነው፤ ማማው ሥር። ሠራተኞቹ ሲሰበሰቡ… ሽቦው ተስቦ የተቃጠለው ትምህርት ቤት ድረስ ይመጣል። የሚያልቀው እኔ እጅ ላይ ነው።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እነሱ እኮ መብራት ቀጣይ ናቸው። መሣሪያቸው ፒንሳ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ!» ድምፁ ከፍ አለበትና እናታቸው ወዳለችበት ክፍል አይቶ ዝቅ አደረገው። «ትልልቆቹ ሰዎች ሆቴል ቁጭ ብለው ሸለቆውን እንደዚህ ዳቦ ሊቆርሱት ነው። ፈርመው ሲነሱ የአባባ መቃብር ከነሱ ወገን ይሆናል። አንድ ነገር ካልተፈጠረ ይፈራረማሉ። ከተፈጠረ ግን ድርድር የሚባል ነገር አበቃ።»

«ብናገርስ?»

«ለነሱ ከተናገርሽ መጀመሪያ በመድፍ የሚመቱት ትምህርት ቤቱን ነው። ውስጡ ያለሁት እኔ ነኝ።» ሳቅ አለ፤ የሚያስጠላ ሳቅ ነበር፣ የሱ ያልሆነ። «ለኛዎቹ ከተናገርሽ ደግሞ… ከኛዎቹ ያላወቀ ማን አለና?»

«ማሙሽዬ፣ በናትህ…»

«አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ እታለም። አጥፊና ቁጭ በይ። ሌላው አይመለከትሽም።»

እናታቸው የታጠበ ልብስ በክንዷ ደራርባ ገባች። «ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?»

«ስለ መብራት ነው፣ እማዬ።»

«እሱ ይጥፋ፣ ሻማ አለኝ» አለች እናት፤ በልጇ በኩል ስታልፍም ጭንቅላቱን ዳበስ አደረገችው። «ልጆቼ ብቻ እቤት ይሁኑልኝ።»

እህትና ወንድም ተያዩ። እሷ ማየቱን ቀድማ ተወችው። ወንድሟንም ማዶ ያለውንም ሰው ትወዳለች፣ ነገ ደግሞ ሁለቱም እዚያው ሸለቆ ውስጥ ናቸው።

*

በማግስቱ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። እጇ እጀታው ላይ ለመድረስ ጊዜ ወሰደበት።

«ሄሎ ማዶ! ተዘጋጅተናል፤ መኪናው ሞተር አስነስቷል። አጥፊልን።»

«ማጥፊያው ብሬከር እምቢ ብሏል።»

«ትናንት አብረን ሞክረነው የለ እንዴ?»

«ዛሬ እምቢ አለ።»

ዝም አለ። እሷ ዝምታውን ታውቀዋለች፤ የሚያስብበትን፣ የሚስቅበትን፣ ሲጋራ የሚለኩስበትን ዝምታ ለይታ ታውቃለች። ይሄኛውን ግን ሰምታው አታውቅም።

«ምን ሆነሻል?» አላት በለሆሳስ።

«ምንም።»

«ሆስፒታላችን በቀረችው በአንዷ ሽቦ ነው ያለው። እሷ ከተበጠሰች ምን እንደሚሆን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ታዛቢዎቹ ነገ ይሄዳሉ፤ ከዛሬ ሌላ ቀን የለንም። አልችልም ነው የምትይኝ ወይስ አላጠፋም?»

ቀጭ አለ መስመሩ። የሚያዳምጠው ሰው ነበር። «እንዳትመጣ፣ ወጥመድ አለ» ብትል ማሙሽ ይሞታል። «ና» ብትል ይሄ ድምፅ ከዛሬ በኋላ አይኖርም።

«አላጠፋም» አለች።

«ሰዎቹ ሲነግሩኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «‹የነሱን ሴት አትመን፤ ቀኑ ሲመጣ ከወገኗ ጋር ነው የምትቆመው› ሲሉኝ እስቅባቸው ነበር። ወገንሽን መረጥሽ ማለት ነው?»

«አዎ።»



«እንግዲያው ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ። እኛ ወጥተናል። እስክታጠፊ ማማው ሥር ቁጭ ብለን እንጠብቃለን።»

«ቆይ፣ ስማኝ—»

ስልኩ ተዘግቷል።

አለቃዋ ከኋላዋ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ አንድም ትዕዛዝ ያልጣሱ፣ ሻይ እንኳ ከሰዓቱ በፊት የማይጠጡ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ትዕዛዙ ከበላይ ነው» አሉና እጃቸውን ወደ ማጥፊያው ዘረጉ። «አንቺ ከደከመሽ እኔ ላጥፋው።»

«ጋሼ፣ ካጠፉት ሰው ይሞታል።» እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘችው። «ከዚህ በላይ አይጠይቁኝ። በልጆችዎ ይዤዎታለሁ።»

አዩዋት። ወደ ሰሌዳው አዩ፣ ወደ በሩ አዩ፣ እንደገና እሷን አዩ።

«ሆዴን ቆረጠኝ» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ሆዴን! ከትናንት ጀምሮ እያጣደፈኝ ነው። ሽንት ቤት ልግባ፤ መቼ እንደምወጣም እንጃ።» የመሥሪያ ቤቱን ፒክአፕ ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ እንደ ዘበት ጣል አደረጉና ሆዳቸውን ይዘው ወጡ።

ቁልፉን አንስታ ስትሮጥ ይህ ሽማግሌ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ግድግዳ እያየች የሳቀችውን ሳቅ ሁሉ ሲሰሙ እንደኖሩ ገባት፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ።

*

ፒክአፑን መንገዱ እስከሚያበቃበት ነዳችው፤ ከዚያ በእግሯ አረሙን እየገፋች ወረደች። በስተግራዋ የተቃጠለው ትምህርት ቤት መስኮቶቹ ጠቁረው ቆሟል። ወደዚያ አላየችም። ማሙሽ ግን እንደሚያያት ታውቃለች፤ ካፖርቷን ፒክአፑ ውስጥ ጥላ በቀይ ሹራቧ የወረደችው ለዚሁ ነው፤ ከሩቅ ሲያያት እሷ መሆኗን እንዳይጠራጠር።

ማማው ሥር ስትደርስ አንዱ እግሩ አጠገብ አፈሩ አዲስ ነበር። ከላዩ የደረቀ ሣር በትነውበታል። አፈሩን ሳትረግጥ አጠገቡ ቆመች። ከበላይዋ ሽቦው እንደ ንብ ይጮኻል።

ብዙም ሳትቆይ ከወዲያ በኩል የታዛቢዎቹ ነጭ መኪና መጣ። ሠራተኞቹ ገመዳቸውንና መሰላላቸውን እያወረዱ ሲንጫጩ እሱ ቀድሟቸው ወጣ። ንዴቱ ከአረማመዱ ያስታውቃል። ቀይ ሹራብ የለበሰችው እሷ መሆኗን ሲያይ ግን እርምጃው ተሳሳተበት፤ ፊቱ ላይ ንዴቱና ደስታው ተጋጩ።

«መጣሽ» አለ።

«እዚያው ቁም!»

ቆመ። «ዓይኔን እያየሽ ልትነግሪኝ ነው?»

«ሰዎችህን ይዘህ ተመለስ። ሥራ የለም።»

«ለምን?»

«ስላልፈለግኩ።»

 አተኩሮ ያያት ጀመር፤ መጀመሪያ ፊቷን፣ ቀጥሎ እጆቿን፣ በመጨረሻ እግሮቿን። ዕድሜውን ሙሉ ከኮረንቲ ጋር የኖረ ሰው ነው። አደጋ አጠገብ ያለ ሰው እንዴት እንደሚቆም ያውቃል፤ ክንዱን ከጎኑ ለጥፎ፣ እስትንፋሱን ቆጥቦ፣ መሬቱን እንደተበደረው ሆኖ።

ንዴቱ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«መስመሩ አለ?» ሲል ጠየቃት፤ በሥራ ድምፁ፣ በረጋው ድምፅ። በሥራቸው ቋንቋ «አለ» ማለት ኃይል አለበት፣ አትንካው፣ ይገድልሃል ማለት ነው።

«አለ» አለች።

ቀና ብሎ ሽቦውን አየ። እሷ ሽቦውን አላየችም። ዓይኗን ቀስ አድርጋ ወደ እግሯ ሥር፣ ወደ አዲሱ አፈር አወረደችው።

«አለ» አለች እንደገና።

የገባው ያን ጊዜ ነው። ከንፈሩ ነጣ። ከኋላው አንዱ ሠራተኛ መሰላል ተሸክሞ ሊቀርብ ሲል ሳይዞር እጁን ዘረጋበት፤ «ተመለሱ!» አለ። «ኃይል አልተቋረጠም። ያለ ኃይል መቋረጥ ማንም ማማ አይነካም። ዕቃውን ጫኑ!» ሠራተኞቹ አጉረመረሙ፤ አንዱ ስሟን ሳያውቅ ሰደባት። ግን ተመለሱ።

እሱ አልተመለሰም።

«ነይ» አላት በሹክሹክታ። እጁን ዘረጋ። «መኪናዋ እዚህችው ናት እኮ። ነይ ከኔ ጋር።»

የተዘረጋውን እጅ አየችው፤ መዳፉ በገመድ የሻከረ ነው። መላ ሰውነቷ ወደዚያ እጅ አዘነበለ፤ እግሯ ግን አልተነሳም።

«እኔ ከዚህ የምነሳው አንተ ስትርቅ ነው» አለችው። «እስከዛ አያፈነዱትም።» ከዚያ ዓይኗ ሳታስበው ወደ ጠቆሩት መስኮቶች ሄደ። «እዚያ ያሳደግኩት ልጅ አለ። ወንድሜ ነው።»

ይህን ብላ ደነገጠች። የወንድሟን ነፍስ አንስታ በጠላቱ መዳፍ ላይ እንዳስቀመጠችው ገባት። አሁን አንዲት ቃል ለወታደሮቹ ቢናገር ትምህርት ቤቱ ከነማሙሽ አፈር ይሆናል። «አደራ» አላለችውም። እንዲህ ያለ ነገር አደራ አይባልም።

እሱም ቃል አልገባላትም። ሌላ ጊዜ ጓደኞቹ እዚህ ማማ ሥር እንደሚቆሙ እያሰበ መሆኑን ከግንባሩ አነበበችው።

«በስልክ ያልሽኝ ነገር ነበር» አላት በመጨረሻ።

«ወገኔን መረጥኩ ብዬህ ነበር።»

«እና?»

«ዋሸሁህ።»

ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠው። ወደ ኋላ እየሄደ፣ ፊቱን ሳያዞርባት፣ አረም እያደናቀፈው ራቀ። መኪናው ከኮረብታው ጀርባ እስኪሰወር ቆማ ጠበቀች፤ የቆመችበት መሬት ከተዋት ዓለም ሁሉ ይልቅ የታመነ ይመስል መነሳቱን ፈራችው።

*

ቀኑን ሙሉ መድፍ ጠበቀች።

እናቷን ይዛ ምድር ቤት ወረደች። «ምን ሰማሽ?» አለች እናት። «ምንም» ብትላት «ምንም ካልሰማሽ ለምን እንደ አይጥ እንገባለን?» አለች፤ ግን ወረደች፤ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጣም የልጇን እጅ ይዛ አልለቅ አለች። እናት ብዙ ጦርነት ያየች ናት፤ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም።

ማሙሽና አብሮት ያለው ጓደኛው ሳይመሽ ከተቃጠለው ትምህርት ቤት መውጣት አይችሉም። ማዶ ያለው ሰው ከተናገረ አሁን ነው የሚተኮሰው። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር፣ በር በተዘጋ ቁጥር ቀና ትላለች። ቢናገርስ ልትፈርድበት ትችላለች? የሥራ ጓደኞቹ ልጆች አሏቸው። እሷ ብትሆን ትናገር ነበር። 

ከቀትር አለፈ። ፀሐይ አዘቀዘቀ። ከሸለቆው የወፍ ድምፅ ብቻ መጣ።

ሲመሽ በሩ ተንኳኳና ማሙሽ ገባ። ከንፈሩ ተተርትሯል፤ አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል።

«ማነው የመታህ?» ጮኸች እናት።

«ወድቄ ነው፣ እማዬ።» እናት ውሃ ልታሞቅ ስትሄድ እህቱን በክንዷ ይዞ ወደ መተላለፊያው ሳባት።

«አልተኮሱም» አላት።

«አልተኮሱም።»

«ሰውየው ገብቶታል። ዓይኑን አይቻለሁ፣ ገብቶታል። እና ለምን አልተናገረም?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ማሙሽ ባልተዘጋው ዓይኑ ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ፤ ቁጣ አልነበረም፣ እህቱ የጣሪያ ጠርዝ ላይ ስትሄድ ያየ ሰው ድንጋጤ ነበር።

«ኧረ እታለም…» አለ። «ከነሱ መሀል?»

«ከነሱ መሀል።»

ጀርባውን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ወደ ወለሉ ተንሸራተተ። «ጓደኛዬ ማፈንጃውን ሊጫነው ነበር፤ አንቺ እዚያ ቆመሽ። ‹ታዛቢውም አለ፣ አንድ እህት ምን አላት› አለኝ። እጁን ነክሼ ነው የቀማሁት።» እንደ ልጅነቱ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «አሁን ሁሉም ሰምተዋል። ነገ ወደሌላ ቦታ ይወስዱኛል፤ የት እንደሆነ አልነገሩኝም። ያ ነገር ግን እዚያው ነው፣ አልወጣም። ሌላ ጊዜ ሽቦውን ይዞ የሚቀመጠው እኔ አልሆንም፣ እታለም። አንቺን የማያውቅ ሰው ነው።»

አጠገቡ ተቀመጠችና ጭንቅላቱን ትከሻዋ ላይ አስጠጋችው። ማልቀስ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።

«ምን ያስለቅስሻል? ዳነ እኮ» አላት።

ምን ብላ ታስረዳዋለች? ቀኑን ሙሉ ምንም ድምፅ ያልተሰማው አንድ ሰው አፉን ስለዘጋ ነው። ያ ሰው ወገኖቹን፣ ጓደኞቹን፣ ምናልባትም የራሱን ነፍስ አስይዞ ዝም ብሎላታል። በሁለት ዓመት የስልክ ወሬ ያልነገራትን ሁሉ በዚህ ዝምታ ነግሯታል፤ ይሄንን ደግሞ ለማንም ልትናገረው አትችልም።

ሰው የሚወደውን እንዲመጣለት ይመኛል። እሷ ከዚያች ምሽት ጀምሮ የምትመኘው እንዳይመጣ ነው። የሆስፒታሉ ሽቦ አንድ ቀን ይበጠሳል፤ ያኔ «እኔ እወጣለሁ» ብሎ ቀድሞ የሚነሳው ማን እንደሆነ ታውቀዋለች።